ፈረስና ግመል በአንድ ሜዳ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ ሸለመኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ጋቢ! በጥር እንኳ ሸሚዝ ከጀርባ በሚጣበቅበት አገር ጋቢ ታቅፌ ቤቴ ገባሁ። ክፋት የላቸውም፤ ለጡረተኛ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ነው። እኔም ለአንድ ደገኛ ወዳጄ ሰጠሁት። ወዳጅ የሆንነው ግን በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ሙሉ ስሜን መስማት አይወድም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ይኼን ደብተር የያዝኩትም እሱን ለመጻፍ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ አጣምሜ ብጽፍ አትፍረዱብኝ። ስሜ ደምሴ ነው። ሥራዬ ባዛር ማሰናዳት ነበር። ወረቀቱ እንደዚያ አይልም፤ መጀመሪያ “የቀን ሠራተኛ”፣ ኋላ “የመስክ ሠራተኛ”፣ መጨረሻ ላይ “አስተባባሪ” ይላል። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ሥራው ያው ነበር። በየዓመቱ ጥምቀት አልፎ ሽንኩርቱ ሲነሣ ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ የከተማው ባዛር ይቆማል። ሻጩ የት እንደሚቀመጥ፣ ጨዋታው የት እንደሚሆን፣ ምን ከምን አጠገብ እንደሚውል፣ ሕዝቡ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ችካል መትቼ፣ ሲባጎ ወጥሬ፣ በኖራ አስምሬ የምለይ እኔ ነበርኩ።

“ድንኳን መትከል ምን ዕውቀት ይፈልጋል?” የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ይምጣና ይሞክረው። ሞንታርቦውን ከሽንኩርት ሻጮቹ አጠገብ ያቁመውና ሴቶቹ ምን ብለው እንደሚሰድቡት ይስማ። የልጆቹን ዥዋዥዌ እናቶች ከማያዩት ቦታ ይትከለውና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት እናት እያለቀሰች ልጇን እንደምትፈልግ ይይ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ወንድይፍራው ናቸው። የማዘጋጃ ቤቱ ፎርማን ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ ኮፍያቸውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካልሆነ የማያወልቁ ሰው። እኔ ያኔ ሽንኩርት እርሻ ላይ ቦይ ስጠርግ የኖርኩ ጎልማሳ ነኝ። በቀን ሠራተኝነት የተቀጠርኩ ዕለት አንድ እስር ችካልና መዶሻ አሸከሙኝና ሜዳው ላይ ወሰዱኝ። ወስደውኝም ሾላው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ።

“ጋሼ፣ ችካሉን የቱ ጋ ልምታ?” አልኳቸው።

“ቁጭ በል።”

“ሥራውስ?”

“ሥራው እሱ ነው።”

ተቀመጥኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡ። ሲጋራ የሚያጨሱ መስሎኝ ነበር። ቀፎው ውስጥ የነበረው የጤፍ እብቅ ነው። ቆንጠር አድርገው ወደ ላይ በተኑት። እብቁ ከተራራው ወደ በረሃው ተንሳፈፈ። አዩትና ቀፎውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። በስድስት ሰዓት ሌላ ቦታ ሄደን ተቀመጥን። አሥር ሰዓት ላይ እንደገና ተቀመጥን። በሦስቱም ጊዜ እብቅ በተኑ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ችካል ሳንመታ አለፈ።

ለእናቴ፣ “ሰነፍ አለቃ ነው ያጋጠመኝ፤ መቀመጥ ነው የሚያስተምረኝ” አልኳት።

እያደር ግን ገባኝ። እሳቸው የሚያዩት ሜዳውን አልነበረም፤ በሜዳው ላይ የሚውለውን ሰው ነው። ጥላው በስንት ሰዓት ከየት ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ፤ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ጥላውን ተከትለው እንደሚንፏቀቁ ያውቃሉ። ምግቡን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ያደርጉታል፤ የራበው ሰው ማሾውንም ሽንኩርቱንም የሸማኔውንም ሥራ እያየ ያልፋል። ገመድ ጉተታውን መኻል ላይ ያደርጉታል፤ ለማየት ክፍያ የለውም፣ መሣቅ ለሁሉ ይዳረሳል። መግቢያውን ፊቱን ወደ አስፋልቱ አያደርጉትም፤ የደሴ መኪና ለልጅ አያዝንም። ቁም ነገሩንና ጨዋታውንም ያሰባጥሩታል። “ሰው ሦስት ጊዜ ዕቃ ካየ አንድ ጊዜ መሣቅ አለበት፤ አለበለዚያ እግሩ ይዝላል” ይሉ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ምክንያቱን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ባዛራችን ሁለት ትልልቅ ጨዋታ ነበረው። አንደኛው የግመል ግልቢያ ነው፤ ሰይድ የሚባል የአሊዩ አምባ ሰው አራት ግመሎቹን ነድቶ እየመጣ ልጆች ያስጋልባል። ሁለተኛው ጉግስ ነው፤ ከደብረ ሲናና ከጣርማ በር በኩል ደገኞች ፈረሶቻቸውን ይዘው ይወርዳሉ። አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ሜዳው በአቧራና በእልልታ ይሞላል። ጋሼ ወንድይፍራው ግመሎቹን ሁልጊዜ በአስፋልቱ በኩል፣ ፈረሶቹን በወንዙ በኩል ነው የሚያደርጉት። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው፣ “ቁጭ ብለህ እየው” አሉኝ። እኔ እልኸኛ ነኝ። ካልነገሩኝ ተዉት ብዬ ተውኩት።

አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ባዛሩ እንደ ወታደር ሰልፍ በቀጥታ መስመር ካልሆነ ብሎ አስቸገረን፤ መኻል ላይ ያለችውን ግራር አስቆረጠና ጥላ ያጣው ሕዝብ በሁለተኛው ቀን ቀረ። ሌላው ሞንታርቦ ይወዳል፤ ራሱ ይዞ ቀኑን ሙሉ ይናገራል። ደመወዙ አይነሣ። ጋሼ ወንድይፍራው ጡረታ ሲወጡ የክብሪት ቀፏቸውን ሰጡኝ። “እብቁን በየዓመቱ ቀይረው፤ አሮጌ እብቅ ይከብዳል” አሉኝ። በዓመቱ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

እሳቸው በሌሉበት የመጀመሪያው ባዛር ላይ ነው ያ ነገር የሆነው።

ባዛሩ አራት ቀን ሲቀረው አለቃችን መጣና፣ “ደምሴ፣ ዛሬውኑ ጨርስ፤ እንግዳ አለብን” አለኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ፤ እብቁን በተንኩ፤ ወደ በረሃው ሄደ። ሌላ መቀመጥ ምን ያደርጋል አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ጥድፊያው ብቻ አይደለም ያሳሳተኝ። የሽማግሌው ሦስት ጊዜ መቀመጥ ልማድ እንጂ ሥራ አይደለም የሚል ነገር ውስጤ ነበር። እኔ ደግሞ የራሴን ላሳይ ፈለግሁ። ፈረሶቹን በተራራው በኩል አደረግኋቸው፤ ወደ አገራቸው ይቅረቡ ብዬ። ግመሎቹን በበረሃው በኩል አደረግኋቸው፤ እነሱም ወደ አገራቸው። አምሮ ታየኝ። አለቃዬም “ይኼ ነው ፕላን!” አለ።

ሁለት ነገር ዘንግቼ ነበር። አንደኛ፣ በኛ አገር ነፋሱ ጠዋት ከተራራው ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ዞሮ ከአፋር በኩል ሽቅብ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ግመል ያልለመደ ፈረስ የግመል ሽታ ያሳብደዋል። ቆላ ተወልጄ፣ በግመል መኻል አድጌ፣ ግመል ሽታ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ለኛ የአየሩ ሽታ ነዋ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ደገኞቹ ተሰለፉ። ከፊት አስራት ነበር፤ የደብረ ሲና ሰው፣ ዕድሜው ከኔ እኩል፣ ቡላ የሚባል ሐመር ፈረስ ላይ ተቀምጦ። ቡላን ያየ ሁሉ ይወደዋል፤ ልጆች አንገቱን ሲያቅፉት ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆም ፈረስ ነበር። ነፋሱ ዞረ። አቧራው ወደኔ ሲመጣ አየሁት። ፈረሶቹ አንድ ላይ ጆሯቸውን አቆሙ። ከዚያ ቡላ በሁለት እግሩ ቆመና አስራትን ጥሎ በረረ። ሰዉ ተበተነ። ሾላው ሥር ማንጎ የሚሸጡ እትዬ የሺ የሚባሉ የቀወት ሴት ነበሩ፤ መነሣት አልደረሰላቸውም። ፈረሱ በላያቸው ሲዘል የኋላ እግሩ ጭናቸውን መታው። አጥንታቸው ሲሰበር ሰምቻለሁ። ዛሬም እሰማዋለሁ።

እሳቸውን በመኪና አንሥተን ሐኪም ቤት አድርሰን ስንመለስ ሰይድ ግመሎቹን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀኝ።

“ጋሼ ደምሴ፣ ወላሂ ግመሎቼ ምንም አላደረጉም። ነፋሱ ነው። ፈረሶቹ አሸተቱን። ጋሼ ወንድይፍራው በነፋስ መንገድ አስቀምጠውን አያውቁም።”

ያን ጊዜ ገባኝ። አስፋልቱና ወንዙ፣ ነፋሱ ጠዋትም ማታም የአንዱን ሽታ ለሌላው የማያደርስበት ጎንና ጎን ነበሩ።

አለቃዬ ግን ሞንታርቦውን ይዞ፣ “ባለቤቱ ሊገራው ያልቻለ እብድ ፈረስ አደጋ አድርሷል” ብሎ ተናግሮ ጨርሷል። በማግስቱ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ፈረሱ ባሕርዩ አስቸጋሪ ነው፣ ከእንግዲህ ከደጋ ፈረስ አይገባም ይላል። ፈርም ተባልኩ። ማንበብ አልችልም ብዬ እንዳላመልጥ እችላለሁ። ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ባዛራችን ገበያ ሆነ። ሰው ይመጣል፣ ይገዛል፣ በስድስት ሰዓት ይሄዳል። ደገኞቹ ቀሩ። እትዬ የሺም በምርኩዝ መሄድ ጀመሩ፤ ወደ ሜዳው ግን ተመልሰው አልመጡም። በየባዛሩ ሦስት ጊዜ መቀመጥ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ መቀመጥ ያኔ ያጣሁትን አልመለሰልኝም።

ጡረታዬ ሦስት ወር ሲቀረው አዲስ ኃላፊ መጣች፤ ሕይወት ትባላለች። የባዛሩን ፕላን በኮምፒውተር ሠርታ አሳየችኝ። ሁሉም ነገር በቀለም ነው። አሁን ልንጣላ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

“ጋሼ፣ ምን ይጎድለዋል? እውነቱን ይንገሩኝ” አለችኝ።

“ፈረስ” አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ፊርማዬንም ጨምሬ። ለማንም ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ለባዛሩ ኮሚቴ አቀረበችው። ኮሚቴው መክሮ፣ “የተጎዱት ሴት ከፈቀዱ ፈረሶቹ ይምጡ፤ ካልፈቀዱ ነገሩ በዚሁ ይዘጋ” አለ። እንግዲህ በአንድ ሴት አፍ ላይ ወደቅሁ።

እትዬ የሺ ቤታቸው በር ላይ ማንጎ ሲለዩ አገኘኋቸው።

“እትዬ የሺ፣ ስለ ፈረሶቹ ነበር የመጣሁት።”

“የትኞቹ? እኔን የረገጡኝ ወይስ ሌሎች?”

“የዚያን ቀኑ ጥፋት የፈረሱ አልነበረም። የኔ ነው። አቀማመጡን ያበላሸሁ እኔ ነኝ። ነፋሱ ሲዞር የግመሉ ሽታ...”

“ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው” አሉ፤ እጃቸው ማንጎውን መለየት አልተወም።

ጨረስኩ። የበሰለውን ለብቻ፣ ጥሬውን ለብቻ አደረጉና ቀና አሉ።

“ነፋሱ እንደዞረማ እኔም አውቄያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ማሾ ሳዘራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የአፋር ነፋስ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ አንተ ነህ የምትነግረኝ?”

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም?”

“እግሬን ተሰብሬ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ያንተን ኃጢአት ልናዘዝልህ?” ሣቅ አሉ። “እግሬ በአምስት ወር ጠገነ። አንተ ግን ሰባት ዓመት ፈጀህ።”

በራቸው ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“እኔ ፈረስ አልጠላም” አሉ። “የጠላሁት ያንን ደገኛ በከንቱ ሲያሙት መስማት ነው። ይምጡ። ግን አንድም ችካል ሳትመታ እኔን ወስደህ ሜዳው ላይ ታስቀምጠኛለህ። የምቀመጥበትን በራሴ አያለሁ።”

የቀረኝ አስራት ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሬ ደብረ ሲና ወጣሁ። በስስ ሸሚዝ ነው የወጣሁት፤ ሞኝነቴን እዩ። አስራትን ግቢው ውስጥ ድርቆሽ ሲከምር አገኘሁት። አየኝና ሥራውን ቀጠለ።

“ቆለኛው! ብርዱ ሳይገድልህ የመጣህበትን ተናገር።”

ተናገርኩ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። መንሹን ተደግፎ ሰማኝ።

“ቡላን ሸጥኩት” አለኝ። “ሰው የገጨ ፈረስ ነው እየተባለ በየትም ጉግስ አላስገባ ብለውኝ። ባለፈው ገበያ ላይ አየሁት፤ ባቄላ ጭኗል። ስሙን ብጠራው ዞሮ አየኝ።”

ይኼን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ነኝ የተለወጥኩት።

“ይቅርታ አድርግልኝ” አልኩት።

“ለኔ ብቻዬን አትንገረኝ። ፈረሴ እብድ ነው ሲባል ሰው ሁሉ በሞንታርቦ ነው የሰማው። በሞንታርቦ ታፈርሰዋለህ። እሱን ካደረግህ እመጣለሁ፤ አዲስ ፈረስ አለኝ፣ ዳማ ናት።” ከዚያ አየት አደረገኝና፣ “ግባ በል፤ እሳቱ አጠገብ ካልተቀመጥክ ሬሳህን ነው ወደ ቆላ የምልከው” አለኝ።

ችካል ከመምታታችን በፊት ሦስታችን ሜዳው ላይ ተቀመጥን፤ እትዬ የሺ፣ ሕይወትና እኔ። በሦስት፣ በስድስት፣ በአሥር ሰዓት። አዲስ እብቅ ቀፎው ውስጥ ከትቼ ነበር። እትዬ የሺ፣ “ያንን እብቅ ለኔ ስጠኝ፤ አንተ አበታተን አታውቅም” ብለው ተቀበሉኝ። ሕይወት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነፋሱን በየሰዓቱ በቀስት ፕላኗ ላይ ሳለችው። ፈረስ በወንዙ በኩል፣ ግመል በአስፋልቱ በኩል፣ መኻል ላይ ገመድ ጉተታ። ጋሼ ወንድይፍራው እንደሚያደርጉት። እትዬ የሺ የራሳቸውን ቦታ ሲመርጡ የድሮዋን መረጡ፤ ሾላው ሥር።

“ሌላ ጥላ አለ እኮ” አልኳቸው።

“እኔ ቦታዬን ለማንም አልለቅም።”

የባዛሩ ቀን ጉግሱ ከመጀመሩ በፊት ሞንታርቦውን ተቀበልኩ። ሕይወቴን ሙሉ የት እንደሚቆም የምለየው እኔ ነበርኩ፤ በእሱ ግን ተናግሬ አላውቅም።

“ደምሴ ነኝ” አልኩ። “ከሰባት ዓመት በፊት ቡላ እብድ ፈረስ ነው ተብሎ እዚህ ተነግሯል። ውሸት ነው። ቡላ ጨዋ ፈረስ ነበር፤ አስራትም ፈረስ መግራት የሚያውቅ ሰው ነው። በነፋስ መንገድ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ውሸቱ ላይም ፈርሜያለሁ።”

ከአስፋልቱ በኩል ሰይድ፣ “ግመሎቼስ?” ብሎ ጮኸ።

“ግመሎቹም ጥፋት የላቸውም!” አልኩ። ሰዉ ሣቀ። አንዱም ከኋላ፣ “እንግዲያው ዘፈኑ ይቀጥል!” አለ። አስራት ዳማዋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቆቡን አነሣልኝና መልሶ አደረገው።

ሄጄ እትዬ የሺ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ሆነ። ነፋሱ ዞረ፤ የሾላው ቅጠል ወደ ተራራው ተገለበጠ። እትዬ የሺ እብቅ በተኑ። ከበረሃው ወደ ተራራው፣ ፈረሶቹንም ግመሎቹንም ሳይነካ በመኻላቸው አለፈ። ዳማዋ ጆሮዋን አቆመች። ልነሣ ተንደረደርኩ። ዳማዋ በጅራቷ ዝንብ አባረረችና ጆሮዋን አወረደች። ከዚያ ደገኞቹ ጮኹ፤ ፈረሶቹ ተነሡ፤ ሜዳው አቧራና እልልታ ሆነ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ይሄድ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ልጆች ግመል ላይ ሆነው ፈረስ ያያሉ።

ጉግሱ አልቆ አቧራው ሲወርድ እኔ አሁንም እንደተቀመጥኩ፣ የነፋሱን መንገድ እያየሁ ነበር። እትዬ የሺ በምርኩዛቸው ጎኔን ጎሰም አደረጉኝ።

“ምን ታፈጣለህ? በቃህ፣ ጡረታህ ደርሷል። ተነሥና ይቺን የማንጎ ሣጥን ወደዚህ አቅርብልኝ፤ ደገኞቹ ተጠምተው እየመጡ ነው።”

ተነሣሁ፤ ሣጥኗንም አቀረብኩላቸው።